የማበጠሪያው ጥርስ

«ያ ሰማያዊው አለ?» ይሉኛል ደንበኞቼ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ።

«የለም» እላለሁ።

«አልቆ ነው ወይስ ተውሽው?»

«የለም አልኩሽ እኮ! ፀጉርሽን ልትሠሪ ነው የመጣሽው ወይስ እኔን ልትመረምሪ?»

ይኮሳተራሉ። አንዳንዷ ብድግ ብላ ትሄዳለች። ትሂዳ! ድሮም ምላሴ አያርፍም፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ብሶብኛል። የዚያ ጠርሙስ ስም በተነሳ ቁጥር ምን እንደሚታወሰኝ እነሱ በምን ያውቃሉ?

ፀጉር ሠሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ራስ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሙቅ ውሃው ሲያሻው ብቻ የሚመጣ መታጠቢያ፣ መንገዱን የሚያሳይ ሰፊ መስኮት። ሰኞ ሰኞ እዘጋለሁ። ተወጥሮ ከመሠራት ብዛት ግንባሩ የተመለጠ፣ በወሊድ የረገፈ፣ በብስጭት የሳሳ፣ በርካሽ ቀለም የተቃጠለ፣ ያልዳሰስኩት ራስ የለም። አፌን ሞልቼ «ይሄ ይበቅላል፣ ይሄ አይበቅልም» እላለሁ። እል ነበር ልበል እንጂ።

ሰማያዊውን ያመጣልኝ ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቀማሚ ነው። ሁሉን ነገር በጠብታ ስለሚቆጥር «ጠብታ» እንለዋለን፤ ፊት ለፊቱም እንለዋለን፣ አይከፋውም። አንድ ቀን ትንሽዬ ጠርሙስ ይዞ መጣና መስኮቴ ላይ ብርሃን እንዲነካት አድርጎ አቆማት። እንዴት ያለ ሰማያዊ መሰላችሁ! ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ኮፐር ፔፕታይድ ይባላል» አለኝ። «መዳብ የያዘ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ሰውነታችን ራሱም ይሠራዋል፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ቆዳ ራሱን እንዲጠግን ያግዛል ይላሉ፤ ለሳሳ ፀጉርም የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ። ቀለሙ ከመዳቡ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው፣ ከቫይታሚን ሲ ጋር አንድ ላይ አትቀቢው፣ ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላው ሠራ አልሠራም አትበይ።»

«ተአምር ነው በለኛ!»

«ተአምር መቼ ወጣኝ? ስሚኝ እንጂ እህቴ። ሥሩ የሞተ ፀጉር አያስነሳም። ቁስል ያለበት ራስ ካየሽ ደግሞ ሰውየውን ወደ ሐኪም ነው የምትልኪው፤ ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ እንዳታወጪ።»

«እሺ እሺ፣ ሰምቻለሁ» አልኩት። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጥላውን የሚፈራ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ባንክ በምትሠራ ደንበኛዬ ላይ ነው። የግንባሯ ፀጉር ከግራና ከቀኝ ወደ ኋላ ሸሽቶ ልጅቷ በመስታወት ራሷን ማየት ጠልታ ነበር። በአራተኛው ወር ለስላሳ ፀጉር ብቅ ብቅ አለላት። አቅፋ ሳመችኝ፣ አለቀሰች፣ ለመሥሪያ ቤቷ ሴቶች ሁሉ አወራችልኝ። የፀጉሯን አሠራርም አላልቼላት ነበርና ምናልባት የሠራው እሱ ይሆናል። ያኔ ግን ይሄ በየት በኩል ይታሰበኛል? ከፍ ከፍ አልኩ። በየሰዉ ራስ ላይ ጠብ ማድረግ ጀመርኩ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ደንበኛዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣለሁ፣ ጥቁሯን ማበጠሪያዬን በግራ እጄ ከቆዳው ጋር አስጠግቼ እይዛለሁ፣ በቀኝ እጄ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ፣ በዚያው ማበጠሪያ እንደገና አነሳለሁ። ጥርሱን ቆጥሮ ፀጉሩ ስንት እንደሄደ ማወቅ ነው። የገዛ ራሴ ፈጠራ ናት። ደንበኛ «ምንም ለውጥ የለውም» ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ ስትመጣ ፎቶውን አውጥቼ «ቁጠሪ!» እላታለሁ።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። ታላቄ ናት፣ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ምድጃ ላይ የተጣደ የፈላ ውሃ ድስት እጀታውን ይዤ ሳብኩ። እሷ ከበሩ ሮጣ መጥታ ላዬ ላይ ተደፋች። ውሃው ከአናቷ እስከ አንገቷ ወረደ። እኔ ላይ አንዲት ፍንጣሪ አላረፈችም። ከዚያ ወዲህ አናቷ ላይ መዳፍ የሚያክል የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ፤ አንድም ፀጉር አይበቅልበትም። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሻሿን ራሷ ትሰፋለች። ሻሿን ሳታወልቅ አገባች፣ ሳታወልቅ ወለደች፣ ሳታወልቅ ባሏን ቀበረች። ለምን ፀጉር ሠሪ ሆንሽ የሚለኝ ካለ፣ መልሱ እሷ አናት ላይ ነው ያለው። ስንቱን ራስ ሳሳምር የእሷን ብቻ መንካት አልቻልኩም።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗት እስከ ዛሬ «ሚጣ» ነው የምንላት። ሌላ ከተማ ምህንድስና ትማር ነበር፤ ልትመረቅ ዘጠኝ ወር ቀራት።

«ሚጣ ስትመረቅ ያለ ሻሽ ነው የምትቆሚው» አልኳት እትዬን።

«ሂጂ ወዲያ! አርባ ዓመት ያልበቀለ አሁን ለሚጣ ብሎ ሊበቅል?»

«ጥጉ ጥጉ ከመጣልኝ ከዚያ ላይ ስቤ እሸፍነዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?»

ሳቀች። ሰኞ ዕለት መጣችና ሻሿን ፈታች። እኔ ፊት እንኳን ስትፈታ አንገቷን ትሰብራለች፤ አንጀቴን በላችኝ። ጠባሳውን ሳየው፣ ከጥጉ ምስር የምታክል ቀይ ቁስል አለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«እንጃልኝ፣ ሻሹ ፈግፍጎኝ ይሆናል። ሁለት ወር አለፋት። ትደርቃለች፣ መልሳ ትከፈታለች። ሐኪም ላሳያት እንዴ እያልኩ ነበር፤ ሐሙስ ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ።»

ልሂድ ብላለች። በገዛ አፏ። ቀኑን ሳይቀር ቆርጣ ነግራኛለች።

እኔስ ምን አልኩ? ምላሴን ይቁረጠው! «ሐኪም ምን ያደርግልሻል? ቅባት ሰጥቶ ይሸኝሻል። ይሄ እኮ ፀጉር ብቻ አይደለም፣ ቁስልም ይጠግናል። ሦስት ወር ብቻ ስጪኝ» አልኳት። ጠብታ ያለኝን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ አወጣሁ። እትዬ ታናሽ እህቷን አመነች። ሐሙስም አልሄደችም።

ሰኞዎቹ ደስ ይሉ ነበር፤ አልዋሽም። በሩን ዘግተን፣ ሻይ አፍልተን፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ እኔ በጣቴ ጫፍ ቀስ እያልኩ እቀባታለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ራስ የነካላት ሰው አልነበረም። አንዳንዴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ቀብቼ ስጨርስ ማበጠሪያዬን ይዤ ፎቶ አነሳለሁ።

በሁለተኛው ወር በጠባሳው ዙሪያ፣ ከጆሮዋ በላይ፣ ለስላሳ ፀጉር መጣ። እሰይ! ብዬ ዘለልኩ። ከማበጠሪያው ሁለት ጥርስ ያህል ሄዷል። ቁስሏም ቅርፊት ይዛ ነበርና «ይኸው! አላልኩሽም?» አልኳት። እትዬ በመስታወት እያየች ጣቷን አሳርፋ አሻሸችው፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅርፊቱ ተነሳ። ሥሩ ሰፍቶ ነበር።

«ዛሬ ይወጋኛል» አለችኝ።

«ሊድን ሲል ያሳክካል።»

«ያሳክከኛል መች አልኩሽ? ይወጋኛል ነው ያልኩት።»

«እትዬ ደግሞ! ገና ሦስት ወሩ አልሞላም እኮ።»

ሦስት ወሩ ሞላ። ፀጉሩ አራት ጥርስ ደርሷል፤ ቁስሉ አልደረቀም። ሌላ ሦስት ወር አልኩ። በአምስተኛው ወር ራሷን ሳጥባት ከጆሮዋ ሥር ባቄላ የምታክል ጠንካራ ነገር ጣቴ ነካች። አዎ፣ ያን ጊዜ ፈርቻለሁ። ግን ከአፌ የወጣው «ንፍፊት ነው፣ ቁስል ሲኖር ይወጣል» የሚል ነው። ሐኪም ጋ እንሂድ ካልኩ አምስት ወር ሙሉ ያልኩትን ሁሉ መብላቴ ነው፤ ያንን ኩራቴ አልቻለውም። ሻምፖውን በዛ አድርጌ አጠብኳት፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሮም ነበር።

ያዳነን፣ ማዳን ከተባለ፣ ጠብታ ነው። በሰባተኛው ወር አንድ ሰኞ አዲስ ጠርሙስ ሊያቀብለኝ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። እትዬ ራሷን ገልጣ ተቀምጣለች። ሻሿን ለመፈለግ ስትዳብስ እሱ ቆሞ አያት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ ስንት ጊዜው ነው?» አለ።

ጠርሙሱን ኪሱ ከተተ፣ አንድም ቃል አልተናገረኝም፣ ሱቁን ዘግቶ ታክሲ አስቁሞ ራሱ ሆስፒታል ወሰደን። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። ከቁስሉ ትንሽ ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ በመጣ ቀን ሚጣም ከትምህርቷ ቀርታ መጥታ ነበር፤ ሦስታችን ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተደርድረን ተቀመጥን። ካንሰር ነው አለችን ሐኪሟ። የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ ላይ አንዳንዴ ይነሳል። ወደ አንገቷ ንፍፊቶች አልፏል።

«የምንቀባው ነገር ነው ያመጣው?» አልኳት።

«እሱ አመጣው ማለት አልችልም። ግን እንዲህ ያለ ጠባሳ ላይ የወጣ ቁስል በወር ውስጥ ካልደረቀ መታየት አለበት። ያኔ መጥታችሁ ቢሆን ቆርጠን ለማውጣት በጣም ይቀል ነበር።» ዓይኗን ወደ እትዬ መለሰች። «እናቴ፣ ለምን ይሄን ያህል ዘገዩ?»

እትዬ ሻሿን አስተካከለች። «እኔው ነኝ፣ ልጄ» አለች። «እህቴማ ሂጂ፣ ሂጂ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የከረመችው። ሐኪም ቤት ስለምፈራ እምቢ አልኳት።»

ሚጣ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ!» አለች።

እኔስ? ይሄ የኔ ጥፋት ነው ማለት ሦስት አራት ቃል ነው፤ አላልኩትም።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩና ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው ማየት ጀመርኩ። ሁሉም ላይ ያው መስኮት፣ ያው አናት፣ ያው ጥቁር ማበጠሪያ። በየሰኞው አይቻቸዋለሁ፤ ሳያቸው ግን ዓይኔ ፀጉሩ ላይ ብቻ ነበር። አሁን ፀጉሩን ትቼ ከማበጠሪያው አጠገብ ያለውን ቁስል ቆጠርኩ። መጀመሪያው ሰኞ ሁለት ጥርስ። በሦስተኛው ወር አምስት። በአምስተኛው ስምንት። በመጨረሻው ሰኞ አሥራ ሦስት። በገዛ እጄ፣ በየሳምንቱ፣ ጥንቅቅ አድርጌ ለክቼዋለሁ። ለሐኪሟም ለሚጣም አላሳየሁም። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀዶ ጥገና ነው፣ ጨረር ነው፣ ወረፋ ነው። ጨረሩ ያቺን ከጆሮዋ በላይ የበቀለች ፀጉር ይዟት ሄደ። ሚጣ ስትመረቅ እትዬ ከሻሿ ሥር ፋሻ ታስሮላት፣ ወንበር ተሰጥቷት ተቀመጠች። እጇ ሲዝል እያሳረፈች መልሳ ታጨበጭባለች።

አንድ ከሰዓት አልጋዋ አጠገብ ሆነን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጠየቅኳት።

«ለምን ዋሸሽ እትዬ?»

«ምን ላድርግ? ሚጣ ከኔ በኋላ ካንቺ ሌላ ማን አላት?» አለች። «አንቺን ጠልታ ማን ጋ ትሂድ? ዝም በይ፣ እንዳትቀባጥሪ።»

«እትዬ...»

«ዝም በይ አልኩ። ለአንድ ቀን እንኳን ምላስሽን ያዢልኝ።» ልትስቅ ሞከረች። በሁለት ሳምንቱ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሳምንት ሲሞላ፣ ሚጣና እኔ ልብሷን ልናስተካክል ክፍሏ ገባን። የስፌት መኪናዋ በመርፌው ላይ ክር እንደተሰካ ቆሟል። ከመሳቢያው ውስጥ ሻሾቿን አወጣሁ፤ አበባ ያለው፣ መስመር ያለው፣ ነጩ፣ የምርቃቱ ቀን ያደረገችው። አልጋው ላይ ደረደርኳቸው።

«ውሰጃቸው» አልኳት። «የእናትሽ እጅ ነው።»

«አልፈልግም።» በእጇ ገፋቻቸው።

«ሚጣዬ፣ ለማስታወሻ እንኳን አንድ...»

«አልፈልግም አልኩ እኮ አክስቴ!» ያቺ ለስላሳ ልጅ ጮኸችብኝ። «ምንድን ነው የማስታውሰው? ሂጂ እየተባለች እምቢ ማለቷን? አንቺ ለምነሻታል፣ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ፈራሁ ብላ ቁጭ አለች። ልጅ አለችኝ አላለችም። ለኔ ብላ አንድ ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አቃታት? አልወዳትም እንዴ? ግን ይቅር ልላት አልቻልኩም። ስተኛም ስነሳም እሷን እየተቆጣሁ ነው።»

ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ባንቺ ነው የምኖረው» አለችኝ። «ደግነቱ አንቺ አለሽ።»

እግዜር ያሳያችሁ። ዝም ብል ልጅቷ የኔ ናት። እናቷም ዝም በይ ብላኛለች። ጀርባዋን እያሻሸሁ፣ ዝም ልል ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ከትከሻዋ በላይ ሻሾቹ ታዩኝ፣ ገሚሶቹ መሬት ወድቀዋል። አርባ ዓመት አናቷን የሸፈነችው በኔ ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ ሞታ ልጇ የምትጠላት በኔ ምክንያት ሊሆን ነው።

ሚጣን ከአንገቴ አላቀቅኳት። ስልኬን አውጥቼ የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍቼ ሰጠኋት።

«ምንድን ነው?»

«የእናትሽ ራስ ነው። ቀኑ ከላይ አለ። የማበጠሪያውን ጥርስ ቁጠሪ፤ ፀጉሩን ሳይሆን ቁስሉን።»

መሐንዲስ ናት፣ መለካት ታውቃለች። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። በጣቷ እየገፋች አንድ በአንድ አየች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከአምስት በኋላ ፍጥነቷ ቀነሰ። አሥራ ሦስት ላይ ቆመች። ከዚያ መልሳ ወደ መጀመሪያው ሄደች።

«ማበጠሪያውን የያዘው እጅ የማን ነው?» አለችኝ።

«የኔ።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«ሂጂ ብለሻት ነበር?»

«አላልኳትም። ልሂድ ያለችው እሷ ናት። ሐሙስ እሄዳለሁ ብላ ነበር። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ፊት የዋሸችው አንቺ እኔን እንዳትጠዪኝ ብላ ነው፤ እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ትመታኛለች ብዬም ነበር፣ ብትመታኝ በወደድኩ። ስልኩን በቀስታ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው። ጎንበስ ብላ የወደቁትን ሻሾች አንድ በአንድ ከመሬት ለቀመች፣ አቧራቸውን አራገፈች፣ አልጋው ላይ ካሉት ጋር አጣጠፈቻቸው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ አልዞረችም።

«የፈላውንም ውሃ እሷ ተቀበለችልሽ» አለች። «ይሄንንም እሷ።»

ወጣች።

ይኸው ሰባት ሰኞ ሆነ። ስደውልላት ይጠራል፣ አታነሳም። ዛሬም ቤቱን ዘግቼ መስኮቱ ሥር፣ እትዬ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ጠብታ ከማዶ ሆኖ ያየኛል፣ አይመጣም። ሚጣን የምመልስበት መንገድ አይታየኝም፤ ትመለሳለች ብዬም ራሴን አልሸነግልም። ሻሾቹን ግን አንድም ሳታስቀር ወስዳለች።